የሚጎተተው ከጎታቹ ሲከብድ፦ አውሮፕላንን በምድር ላይ የማንቀሳቀስ ሥራና አደጋው

አራሽ በሬዎቹን ጠምዶ ማረስ ከመጀመሩ በፊት ምራኑን በእጁ ይፈትሻል። በሬዎቹ ብርቱዎች፣ ሞፈሩ ጠንካራ፣ ማረሻውም የተሳለ ቢሆን፣ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ጠፍር ከነተበ የዕለቱ ሥራ መስተጓጎሉ እንደማይቀር ከአባቱ ተምሯል። መጎተት ባለበት ሥራ ሁሉ የጎታቹ ጉልበትና የተጎታቹ ክብደት የሚገናኙት በአንዲት ትንሽ ማያያዣ ላይ ነው።

ይህ የእርሻ ዕውቀት በአውሮፕላን ማረፊያዎችም የሚሠራ ሕግ ነው። የሚለየው የሚጎተተው ነገር ክብደት ነው። የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የላሊበላ መንገደኞች የሚያውቁት ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 አውሮፕላን ጭነቱን ሞልቶ ለመነሳት ሲዘጋጅ 30 ቶን ገደማ፣ በገበሬ መለኪያ 300 ኩንታል ያህል ይመዝናል። አህጉር አቋራጩ ቦይንግ 777-300 ኢአር ደግሞ እስከ 351 ቶን፣ ማለትም ከ3 ሺህ 500 ኩንታል በላይ ሆኖ ይነሳል። ይህን ግዙፍ አካል በምድር ላይ የሚገፋውና የሚጎትተው ከእሱ ብዙ እጥፍ የሚቀልል ተሽከርካሪ ነው። የሚጎተተው ከጎታቹ በሚከብድበት በዚህ ሥራ አንዲት ፒን፣ አንድ ታኮ ወይም አንድ ያልታሰረ ቀበቶ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል እንደሚችል በተለያዩ አገሮች የደረሱ አደጋዎች አሳይተዋል።

የአየር ጉዞ አደጋ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ሰማይ ያቀናል። ይሁን እንጂ በአውሮፕላንና በሠራተኛ ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ቀላል የማይባለው የሚከሰተው አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ወይም በሰው እርምጃ ፍጥነት ሲንቀሳቀስ ነው። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ባደረገው ጥናት በምድር ላይ በአውሮፕላኖች ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሚያስከትለው ዓመታዊ ወጪ ካልተገታ እ.ኤ.አ. በ2035 ወደ 10 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሊጠጋ እንደሚችል አመልክቷል። የሰው ሕይወትና አካል ግን በዚህ ሒሳብ የሚተመን አይደለም።

አውሮፕላን ለምን ይጎተታል?

የአውሮፕላን ጎማ እንደ መኪና ጎማ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ አይደለም። አውሮፕላኑ በምድር ላይም ወደ ፊት የሚሄደው ሞተሩ አየርን ወደ ኋላ በመግፋቱ ነው። አፍንጫውን ወደ መንገደኞች ሕንጻ አዙሮ የቆመ አውሮፕላን ለመውጣት ወደ ኋላ መሄድ አለበት። በሕንጻና በሰው አጠገብ ይህን በሞተር ኃይል መሞከር አቧራና ጠጠር ያስነሳል፣ መስታወት ይሰብራል፣ ሰውም ይጎዳል። ስለዚህ መጎተቻ ተሽከርካሪ ከፊት ጎማው ጋር ይያያዝና ወደ ኋላ ይገፋዋል። አውሮፕላኑ ለጥገና ወደ ሀንጋር ሲሄድ ወይም የማቆሚያ ቦታ ሲቀይርም ነዳጅ ለመቆጠብና ሞተር ሳያስነሱ ለማንቀሳቀስ ሲባል ይጎተታል።

መጎተቻዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው በረጅም የብረት ዘንግ ከአውሮፕላኑ የፊት እግር ጋር የሚያያዝ ነው። ሁለተኛው ዘንግ ሳያስፈልገው የፊት ጎማውን ራሱ አቅፎና ከመሬት አንሥቶ የሚይዝ ነው። ሁለቱም ዝቅ ያሉና ሆን ተብሎ ክብደት የተጨመረባቸው ናቸው። ቀላል ተሽከርካሪ ሞተሩ ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን ጎማው በቦታው ይሽከረከራል እንጂ ከባዱን ነገር አያንቀሳቅስም። በዋልካ ጭቃ ላይ ጎማው እየዞረ ከቦታው አልነቃነቅ ያለ ትራክተር ያየ ገበሬ ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም።

እንዲሰበር የተሠራው ፒን

በመጎተቻ ዘንጉ ጫፍ ላይ ሆን ተብሎ ደካማ ተደርገው የተሠሩ ፒኖች ይገኛሉ። አሽከርካሪው በድንገት ሲነሳ፣ በኃይል ፍሬን ሲይዝ ወይም ከተፈቀደው በላይ ሲያጥፍ የሚፈጠረው ጫና ውዱንና ወሳኙን የአውሮፕላኑን የፊት እግር ከመጉዳቱ በፊት እነዚህ ፒኖች ይሰበራሉ። የዋጋቸው ማነስና የመሰበራቸው ቅለት ጥቅማቸው ነው።

አደጋው የሚጀምረው ይህ ጥቅም ሲዘነጋ ነው። የተሰበረውን ፒን በተመሳሳይ ፒን ከመተካት ይልቅ በእጅ የተገኘ ጠንካራ ብሎን ቢገባበት መጎተቻው ለጊዜው ይሠራል፤ እንዲያውም ከቀድሞው የጠነከረ ይመስላል። ቀጣዩ ጫና ሲመጣ ግን የሚሰነጠቀው የአውሮፕላኑ እግር ይሆናል። ስንጥቁ በዓይን ካልታየና በምርመራ ካልተደረሰበት አውሮፕላኑ ጉዳቱን ተሸክሞ ወደ ሰማይ ሊወጣ ይችላል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። እነዚህ ፒኖች የሚጠብቁት የአውሮፕላኑን አካል ነው እንጂ ሰውን አይደለም። ፒኑ እንደታሰበው ሲሰበር አውሮፕላኑ ከጎታቹ ይለያል፤ ከባዱ አካልም በጀመረው አቅጣጫ ጉዞውን ይቀጥላል። በዚያች ቅጽበት በዘንጉ አጠገብ ወይም በጎማው ፊት የቆመ ሰው የሚያመልጥበት ጊዜ አይኖረውም። በመጎተት ላይ ባለ ዘንግ ላይ መረማመድና በጎታቹና በአውሮፕላኑ መካከል መቆም በጥብቅ የሚከለከለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላዋ ትንሽ ፒን የአውሮፕላኑን መሪ የምታላቅቀው ናት። የአውሮፕላን የፊት ጎማ የሚታጠፈው በከፍተኛ የዘይት ግፊት ነው። በሚጎተትበት ጊዜ ይህ ግፊት ካልተቋረጠ፣ ከአብራሪዎቹ ክፍል የሚመጣ ትንሽ የመሪ እንቅስቃሴ እንኳ ጎማውንና ከእሱ ጋር የተያያዘውን ዘንግ በድንገትና በኃይል ሊወረውር ይችላል። የዘንጉ ምት የቆመን ሰው እግር ለመስበር ከበቂ በላይ ነው። ፒኗ ከመጎተቱ በፊት ትገባለች፤ ሲያበቃም ትወጣለች። ሠራተኛው ከእሷ ጋር የተንጠለጠለውን ቀይ ጨርቅ ከፍ አድርጎ ለአብራሪው ያሳያል። በመስኮት ለሚመለከት መንገደኛ ሰላምታ የሚመስለው ይህ ምልክት ፒኗ መውጣቷን የሚያረጋግጥ ነው።

አንዲት ፒን ምን ልታስከትል እንደምትችል ሰኔ 11 ቀን 2013 ዓ.ም በለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ታይቷል። አውሮፕላኑ በመጎተት ላይ አልነበረም። ጭነት እየተጫነበት ሳለ ባለሙያዎች አንድ ብልሽት ሲያስተካክሉ የፊት እግሩ እንዳይታጠፍ የሚከላከለው ፒን ከትክክለኛው ቀዳዳ አጠገብ ባለ ሌላ ቀዳዳ ገባ። የእግሩ ማጠፊያ ሲንቀሳቀስ ቦይንግ 787ቱ በአፍንጫው ተደፋ። ረዳት አብራሪውና አንድ የጭነት ሠራተኛ ቀላል ጉዳት ደረሰባቸው፤ አውሮፕላኑም ክፉኛ ተጎዳ። ከአደጋው በፊት ያ የተሳሳተ ቀዳዳ እንዲደፈን የሚያዝ መመሪያ ወጥቶ ነበር። የተሰጠው የጊዜ ገደብ ስላላለፈ ግን በዚያ አውሮፕላን ላይ ሥራው ገና አልተሠራም ነበር። ችግሩ ታውቆ፣ መፍትሔው ተጽፎ፣ ቀዳዳው ሳይደፈን አደጋው ቀደመ።

ፍሬን፣ ታኮ እና ተዳፋት

ሰው የሌለበት አውሮፕላን ሲጎተት በአብራሪው ወንበር ላይ የሠለጠነ ባለሙያ እንዲቀመጥ ይደረጋል። ሥራው አንድ ነው፤ ማያያዣው ቢለቅ ፍሬን ይይዛል። ፍሬኑ የሚሠራው ግን በተጠራቀመ የዘይት ግፊት ነው። አውሮፕላኑ ለብዙ ቀናት ቆሞ ከነበረ ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። መለኪያው ሳይታይ መጎተት ከተጀመረ በወንበሩ ላይ ያለው ባለሙያ የሚረግጠው ፔዳል ባዶ ይሆንበታል።

የታኮም ነገር እንዲሁ ነው። በአስቸጋሪ ዳገት ላይ የቆመ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ረዳቱን «ታኮ አድርግ» የሚለው በእጅ ፍሬኑ ብቻ ስለማይተማመን ነው። በአውሮፕላን ማቆሚያ ሜዳም ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ ሲቆም ታኮ ይደረጋል፣ ከዚያ መጎተቻው ይፈታል፤ ሲነሳ መጎተቻው ይያያዛል፣ ፍሬኑ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ታኮው ይነሳል። ሜዳው ጠፍጣፋ ቢመስልም የዝናብ ውኃ እንዲወርድ ሲባል በመጠኑ ተዳፋት ተደርጎ ይሠራል። ለሰው ዓይን የማይታየው ይህ ተዳፋት ብዙ መቶ ኩንታል የሚመዝንን አካል ለማንከባለል ሊበቃ ይችላል። ዝናብ፣ የፈሰሰ ዘይትና በረዶ ሲጨመሩበት ደግሞ ጎታቹ ራሱ በተጎታቹ ክብደት እየተገፋ ወደ ጎን ሊታጠፍ ይችላል።

የሰው ቦታ የት ነው?

ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም ማለዳ በሆንግ ኮንግ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ የምድር ሠራተኛ ሕይወቱ አለፈ። ሠራተኛው አውሮፕላን በሚጎትት ተሽከርካሪ ላይ ተቀምጦ ሲጓዝ ወደቀ፤ ከኋላ እየተጎተተ የነበረው አውሮፕላንም ዳጠው። የመጀመሪያ ደረጃ ምርመራው የደህንነት ቀበቶውን እንዳላሰረ የሚያመለክት ነበር። ተሽከርካሪው የሚጓዘው በዝግታ ስለሆነ ቀበቶ ማሰር ለብዙ ሰው ከንቱ ድካም ሊመስል ይችላል። በመጎተት ላይ ግን ፍጥነቱ ዝቅተኛ መሆኑ ዋስትና አይሆንም፤ የወደቀን ሰው አይቶ ለማቆም ከኋላ ያለው ክብደት ጊዜ አይሰጥም።

ከዚያ ቀደም ብሎ ታኅሣሥ 6 ቀን 2008 ዓ.ም በህንዷ ሙምባይ የደረሰው አደጋ ሌላ ገጽታ ነበረው። አንድ አውሮፕላን ተገፍቶ ከማቆሚያው ከወጣ በኋላ የምድር ሠራተኞች ከአካባቢው ሳይርቁ በራሱ ሞተር መንቀሳቀስ ጀመረ። በአቅራቢያው የነበረ የጥገና ባለሙያም በሞተሩ ተስቦ ሕይወቱ አለፈ። በዚህ አደጋ የተሰበረ ብረት አልነበረም። የተበጠሰው በአብራሪውና በምድር ሠራተኛው መካከል ያለው መግባባት ነው። ሞተር በሚጮኽበት ሜዳ ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ የእጅ ምልክቱ፣ የጆሮ ማዳመጫውና «ሁሉም ርቋል» የሚለው ማረጋገጫ የመሣሪያው አካል ሆነው መቆጠር አለባቸው።

ክንፉ የት ደረሰ?

የቦይንግ 777-300 ኢአር ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 65 ሜትር ገደማ ይሆናል። መጎተቻውን የሚነዳው ሰው ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር ሆኖ ሁለቱንም የክንፍ ጫፎችና ጭራውን በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም። ጠባብ ቦታ ላይ በየክንፉ ጫፍ አንድ አንድ ተመልካች፣ እንደ ሁኔታውም በጭራው በኩል ሌላ ሰው እንዲሄድ የሚደረገው ለዚህ ነው። ከእነሱ አንዱ ለአሽከርካሪው ካልታየው አሽከርካሪው መቆም አለበት።

የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም ምሽት በአሜሪካዋ ሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ እየተጎተተ የነበረ ኤርባስ ኤ321 አውሮፕላን ከአንድ ማመላለሻ አውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ አምስት ሰዎች ተጎድተዋል። ሌሊት፣ ብዙ ተሽከርካሪ የሚመላለስበት ሜዳና ከፊቱ ይልቅ ጎኑ የሚሰፋ ተጎታች ሲገናኙ እንዲህ ያለው ግጭት ይከተላል። የአውቶቡስ አሽከርካሪ የሚያየው ትንሿን መጎተቻና መብራቷን ነው፤ ከኋላዋ በጨለማ የሚመጣው ክንፍ ላይታየው ይችላል።

መጎተቻው ራሱ ሲታመም

አውሮፕላን በየጊዜው ይመረመራል፣ ይመዘገባል፣ ይፈረምበታል። በአውሮፕላኑ ዙሪያ የሚሠራው መኪና ግን አንዳንድ ጊዜ እንደ ተራ ተሽከርካሪ ይታያል። ጥር 2 ቀን 2014 ዓ.ም በሙምባይ አውሮፕላን ማረፊያ 85 ሰዎችን ያሳፈረ አውሮፕላን ለመነሳት ሲዘጋጅ መጎተቻ ተሽከርካሪው በእሳት ተያያዘ። እሳቱ ፈጥኖ በመጥፋቱ በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ነዳጅ የተሸከመ አውሮፕላን አጠገብ የተነሳ እሳት በዚህ መጠን መቅረቱ ግን ዕድልም ዝግጅትም የረዱት ነው። ዘይት የሚያፈስ ቱቦ፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ያለቀ ጎማ፣ የላላ መንጠቆና ባዶ የእሳት ማጥፊያ የመኪናው ጉድለት ብቻ ተደርገው የሚታለፉ አይደሉም፤ አደጋቸው ለአውሮፕላኑም ይተርፋል።

ደንቡ እያለ አደጋው ለምን ይደጋገማል?

ከላይ የተነሱት ጥንቃቄዎች አዲስ ግኝቶች አይደሉም፤ በአምራቾች መመሪያና በአቪዬሽን ደንቦች ውስጥ ተጽፈው የሚገኙ ናቸው። አደጋዎቹ የሚደጋገሙበት ምክንያት ከዕውቀት ማነስ ይልቅ ከአሠራር የሚመነጭ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ጥድፊያ ነው። አውሮፕላን መሬት ላይ በቆመ ቁጥር ገቢ አያስገባም፤ የእያንዳንዱ ደቂቃ መዘግየት የሚጠየቅበት ሰው አለ። የፍሬኑን ግፊት ለማየት የምትወስደው አንዲት ደቂቃ የምትቀነሰው በዚህ ጫና ሥር ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ለቆጠባት ደቂቃ አውሮፕላኑ ለሳምንታት ከሥራ ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው ልማድ ነው። አንድ ሠራተኛ ቀበቶ ሳያስር መቶ ጊዜ ተመላልሶ ምንም ካልደረሰበት መቶ አንደኛውንም እንደዚያው ያየዋል። አደጋ አለመድረሱን የጥንቃቄው ውጤት አድርጎ ይቆጥረዋል እንጂ እስካሁን አደጋው እንዳልደረሰበት አያስብም።

ሦስተኛው የኃላፊነት መከፋፈል ነው። ሜዳው የአውሮፕላን ማረፊያው፣ አውሮፕላኑ የአየር መንገዱ፣ መጎተቻውና ሠራተኛው ደግሞ የሌላ ተቋራጭ ሊሆኑ ይችላሉ። የተሰነጠቀን ዘንግ ያየ ሰው ለማን እንደሚናገር፣ ሥራ የማስቆም ሥልጣንስ እንዳለው በግልጽ ካላወቀ ዝም ብሎ ያልፋል። አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ በመሪው ላይ የነበረው ሰው ነው። ፒኑን ሳይገዛ የቀረው፣ ሁለት ተመልካች በሚያስፈልግበት አንድ የመደበው፣ የሌሊቱን ተረኛ ያለ ዕረፍት ያሠራው አመራር ግን ከእይታ ይሰወራል። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ መንጋ አያድንም። አንድ ተቋም ጥንቃቄውን የሚያሳየው «ይህ መሣሪያ አይሠራም» ብሎ ሥራ ያቆመውን ሠራተኛ በሚያስተናግድበት መንገድ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደው የቢሾፍቱ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ የምድር ሠራተኛ ይፈልጋል። ከየክልሉ ለዚህ ሥራ የሚሰማሩት ወጣቶች ከሥራው ጋር አደጋውንም ሊያውቁ ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብና አጠቃቀሙን የማሳወቅ ግዴታ ጥሎበታል። ሠራተኛውም በተሰጠው መከላከያ የመጠቀም ግዴታ አለበት።

በማሳና በከተማ መንገድ ያለው ተመሳሳይ አደጋ

ለአውሮፕላን የተጻፈው ደንብ በገጠርና በከተማ በየዕለቱ ለሚታየው የመጎተት ሥራም ትምህርት ይሆናል። በሆንግ ኮንግ የደረሰው አደጋ በትራክተር ፓራፋንጎ ላይ ተቀምጦ ወደ ማሳ ወይም ወደ ገበያ በሚጓዝ ወጣት ላይም ሊደርስ ይችላል። ትራክተሩ አንድ ጉድጓድ ሲረግጥ የተቀመጠው ሰው ከኋላ ጎማው ወይም ከተሳቢው ፊት ይወድቃል። ለሁለተኛ ሰው የተሠራ መቀመጫና ቀበቶ ከሌለው ትራክተር ላይ ከአሽከርካሪው ሌላ ሰው ሊሳፈር አይገባም።

የማያያዣውም ነገር እንዲሁ ነው። ተሳቢን ለመጎተት በተሠራው ዝቅተኛ ማያያዣ ፋንታ ከፍ ባለ የትራክተሩ አካል ላይ ማሰር ትራክተሩን ከፊት አንሥቶ በአሽከርካሪው ላይ ሊገለብጠው ይችላል። በተሳቢው ፒን ቦታ የገባ የኮንክሪት ብረት ወይም የላላ ብሎን ለጊዜው ይዞ ቁልቁለት ላይ ይከዳል። ራሱን የቻለ ፍሬን የሌለውና ከልክ በላይ እህል የተጫነበት ተሳቢ በቁልቁለት ላይ ትራክተሩን ከኋላ እየገፋ ያጥፈዋል። በከተማም የተበላሸ መኪና በብረት ገመድ ሲጎተት ተበጥሶ የሚመለሰው ገመድ እንደ ጅራፍ ይመታል፤ ከገመዱ መሥመር መራቅ ለተመልካችም ግዴታ ነው።

ይህን ለመከላከል የሚጠይቀው ወጪ ከጉዳቱ ጋር አይነጻጸርም። ትክክለኛው ፒን ከነመቆለፊያው፣ ሁለት የእንጨት ታኮዎች፣ ከመነሳት በፊት አንድ ዙር መፈተሽ፣ ሰው በጎታቹና በተጎታቹ መካከል እያለ ሞተር አለማንቀሳቀስ፣ ሕጻናትን ከአካባቢው ማራቅ፦ እነዚህ ሁሉ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ በታች የሚሠሩ ወይም ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው። የትራክተር ባለቤቶች ማሽናቸውን ሲያከራዩ፣ ማኅበራትም ሲያሰማሩ እነዚህን የኪራይ ውሉ አካል ቢያደርጓቸው አሽከርካሪው «ማንም አይሳፈርም» ለማለት አቅም ያገኛል፤ ጎረቤትም ቅር አይሰኝም።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር በመጎተት ሥራ ላይ ተግባራዊ የሚሆነው እንዲህ ነው። ምራኑን ሳይፈትሽ የማያርሰው ገበሬ፣ ቀዩን ጨርቅ ሳያሳይ አውሮፕላን የማይለቀው ሠራተኛና ታኮ ሳያደርግ ከመኪናው የማይርቀው አሽከርካሪ የያዙት አንድ ዓይነት ልማድ ነው። ልጅን ትራክተር ላይ ከማውጣት በፊት ማያያዣውን እንዲፈትሽ፣ መቀመጫ በሌለበትም እንዳይሳፈር ማስተማር ከየቤቱ የሚጀመር ሥራ ነው።